ፍርዱ ድንበር ላይ ለምን ይቆማል? ከግራዚያኒ እስከ ቀይ ሽብር ፍርደኞች

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። ለፍርድ የነበራቸውን ክብር ከዚህ አባባል የበለጠ የሚገልጽ የለም። ይሁን እንጂ አባባሉ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ፍርዱ ተሰጥቶ፣ ፍርደኛው ግን ፍርዱ በማይደርስበት ቦታ ቢቀመጥስ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በጎንደር ዘመን ደም ያፈሰሰ ወይም ንጉሥ የተቆጣው ሰው ሮጦ እጨጌ ቤት ከገባ አሳዳጁ ከደጅ ይመለስ ነበር። በየገዳማቱም እንዲሁ ተማጽኖ ይከበር ነበር። ያ ሥርዓት የተበዳይን እንባ ባያብስም የራሱ ምክንያት ነበረው፤ የተቆጣ ንጉሥ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ ፍርድ አለመሆኑን ያውቃልና። የዛሬው ዓለም እጨጌ ቤቶች መንግሥታት ናቸው። አጥራቸው ድንበር ነው፤ ደወላቸው ደግሞ የጥገኝነት ማመልከቻ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢትዮጵያ ክስና ፍርድ ድንበር ሲደርስ ምን እንደ ገጠመው በታሪክ መመርመር ነው። (ዓ.ም. ተብለው ከተጠቀሱት በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛን በስደት ያለነውን ጉዳዩ በሁለት ወገን ይነካናል። በአንድ ወገን ወንድሞቻችንን የፈጁ ሰዎች በየከተማችን ጎረቤት ሆነው ኖረዋል፤ ፍርድ እንዲደርስባቸው እንሻለን። በሌላ ወገን አዲስ አበባ ላይ በሌለንበት የሚፈረድብንም እኛው ነን፤ ፍርዱ እንዳይደርስብን ድንበሩ ይጠብቀናል። ይህን ቅራኔ ሳንሸሽግ እንነጋገርበት።

ጠያቂዋ ኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘችው ከጣሊያን ነው። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋና ያንኑ ዓመት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተፈጸመው ግድያ ባለቤት አልባ ወንጀሎች አልነበሩም። ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ትእዛዙን በስሙ ይሰጥ ነበር። በየካቲት 1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 45 ጣሊያን በጦር ወንጀል የሚፈለጉ ሰዎችን ይዛ እንድታስረክብ ያስገድዳታል። ኢትዮጵያም ማስረጃዋን አሰባስባ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን የአሥር ሰዎችን ስም አቀረበች። ከእነዚህ መካከል ባዶሊዮና ግራዚያኒ ይገኙበታል። ኮሚሽኑም በ1948 መርምሮ አብዛኞቹ ሊከሰሱ እንደሚገባ ተቀበለ።

ግን አንድም ሰው አልተሰጠም። እንግሊዝ በቀዝቃዛው ጦርነት ዋዜማ አዲሲቱን ጣሊያን ማስቀየም አልፈለገችም። ግራዚያኒን በ1950 የከሰሰው የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው፤ ክሱም ከጀርመን ጋር ተባብረሃል የሚል እንጂ ኢትዮጵያን የሚመለከት አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበትና በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። ኢትዮጵያ ውል ነበራት፣ ማስረጃ ነበራት፣ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መስክሮላታል። ያጣችው ፍርዱን ድንበር የሚያሻግርላት ወዳጅ ነው። ያ ቁስል አልሻረም፤ በዚህ ጽሑፍ ለማነሣው ሁሉ መነሻ ይሁነን።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የአንድ አገር ፍርድ በሌላ አገር በቀጥታ የሚፈጸም ይመስለዋል። አይደለም። የወንጀል ፍርድ የሉዓላዊነት ልጅ በመሆኑ በራሱ እግር ድንበር አይሻገርም፤ የሚያሻግረው ስምምነት ነው። አውሮፓውያን ይህን ቀስ በቀስ አበጁት። በ1963 ኖርዲክ አገሮች አንዱ የሌላውን ቅጣት የሚያስፈጽምበትን ሕግ አወጡ። በ1970 ሄግ ላይ የወንጀል ፍርዶችን ዓለም አቀፍ ተፈጻሚነት የሚመለከት ስምምነት ተፈረመ። በ1983 ደግሞ ስትራስቡርግ ላይ ፍርደኞች ቅጣታቸውን በአገራቸው እንዲጨርሱ የሚያስችል ስምምነት ተከተለ፤ ይህኛው ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮችም ክፍት ነው።

የእነዚህ ስምምነቶች መሠረታዊ ሐሳብ ቀላል ነው። ድርጊቱ በሁለቱም አገሮች ወንጀል መሆን አለበት። ፍርዱን የሚቀበለው አገር ቅጣቱን እንዳለ ያስቀጥላል፣ ወይም በራሱ ሕግ መሠረት ይለውጠዋል። ለእኛ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሌለበት የተፈረደበትን ሰው የሚመለከተው ክፍል ነው። የሄጉ ስምምነት እንዲህ ያለ ሰው ፍርዱ እንዲደርሰውና በሠላሳ ቀን ውስጥ ተቃውሞ አቅርቦ እንደገና እንዲሰማ መብት ይሰጠዋል። ቃሉ ሳይሰማ የተፈረደበት ሰው ጉዳዩ አልቋል አይባልም ማለት ነው።

በእኛም ሕግ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በሌለበት የተፈረደበት ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ፍርዱ እንዲነሣለት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ነገር ግን በሩ ጠባብ ነው፤ መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንደ ነበረው ማስረዳት አለበት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 21 ደግሞ ኢትዮጵያዊ ለባዕድ አገር ተላልፎ እንደማይሰጥ ይደነግጋል። እኛ የራሳችንን ሰው አንሰጥም ስንል፣ ሌላውም የራሱን ዜጋ አልሰጥም ቢለን የምንደነቅበት ምክንያት የለም።

ሐራሬ፦ ወዳጅነት ከፍርድ ሲበልጥ

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው በናይሮቢ በኩል ሐራሬ ገቡ። በ1992 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1994 ዋናው ችሎት ተከፈተ። ሕንፃው የታሪካችን ትልቁ የፍርድ ሸንጎ ሊሆን ይችል ነበር። ችሎቱ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በታኅሣሥ 2006 መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፣ በጥር 2007 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፣ በግንቦት 2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው።

ዚምባብዌ አንዱንም ፍርድ አልተቀበለችም። ደርግ ለዚምባብዌ ነፃነት ታጋዮች የሰጠው ድጋፍ ለሙጋቤ መንግሥት የማይረሳ ውለታ ነበር። በ1999 መጨረሻ መንግሥቱ ለሕክምና ደቡብ አፍሪካ በሄዱ ጊዜ ኢትዮጵያ ተላልፈው እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ጥያቄው ፍሬ ሳያፈራ ሰውየው ወደ ሐራሬ ተመለሱ። ሙጋቤ በ2017 ከሥልጣን ቢወርዱም፣ በ2019 ቢሞቱም፣ የአዲስ አበባው ፍርድ ሐራሬ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ የሕግ ነጥብ አለ። ክሱ የተመሠረተው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። ይህ አንቀጽ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ከዘር ማጥፋት ይቆጥራል። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድኖችን አይጨምርም። የእኛ ሕግ ከዓለም ሕግ የሰፋ ነበር፤ በዚህም ልንኮራ ይገባል። ነገር ግን ድርጊቱ በሁለቱም አገሮች በአንድ ዓይነት ወንጀልነት መታወቅ አለበት በሚባልበት ችሎት፣ ይህ ስፋት ራሱ ለተከላካይ ጠበቃ መከራከሪያ ይሆናል። ለሐራሬ ግን ይህን ያህል እንኳ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ውለታው ይበቃት ነበር።

በአዲስ አበባ መሐል የቆመ ድንበር

ድንበር ሁልጊዜ ከአገር ዳር አይገኝም። በግንቦት መጨረሻ 1991 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ አራት የደርግ ባለሥልጣናት ወደ ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ፦ ለጥቂት ቀናት ርእሰ ብሔር የነበሩት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ አቶ ኃይሉ ይመኑ፣ ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባይህና ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላ። ኃይሉ ይመኑ በ1993 እዚያው ራሳቸውን አጠፉ። ተስፋዬ ገብረ ኪዳን በ2004 እዚያው ሞቱ። የቀሩት ሁለቱ በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤቱና ፍርደኞቹ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ዝናብ እየተዘነበባቸው፣ በኤምባሲ አጥር ተለያዩ።

የጣሊያን ምክንያት እንደ ዚምባብዌ ውለታ አልነበረም። የጣሊያን ሕገ መንግሥት የሞት ቅጣትን ይከለክላል። በ1996 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አንድ ተፈላጊ ለአሜሪካ እንዳይሰጥ ሲወስን፣ አሜሪካ «አንገድለውም» ብላ የሰጠችውን ዋስትና እንኳ በቂ አይደለም ብሏል። ለአሜሪካ ያልተፈቀደ ለኢትዮጵያ አይፈቀድም። በሌላ በኩል ዲፕሎማሲያዊ ግቢ የማይደፈር በመሆኑ የኢትዮጵያ መንግሥት አጥሩን ዘሎ መግባት አልቻለም፤ ይህን በማክበሩም ሊመሰገን ይገባል።

የግራዚያኒን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ መራራ ፈገግታ ቢፈግግ አይፈረድበትም። ትናንት ገዳዮቿን ያልሰጠችን ጣሊያን፣ ዛሬ ደግሞ የራሳችንን ገዳዮች ከእኛ ከለከለች። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው፤ ያኔ የከለከለችን በፖለቲካ ነው፣ አሁን በመርሕ። መፍትሔውም ከእኛ እጅ ነበር። ቁልፉ የሞት ቅጣቱ ነበርና፣ በታኅሣሥ 2020 ቅጣቱ በፕሬዚዳንቷ ወደ ዕድሜ ልክ ሲለወጥና ፍርድ ቤት አመክሮ ሲፈቅድ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በላይ ከኖሩበት ግቢ ወጡ። እስር ቤት ውስጥ የነበሩት ባልደረቦቻቸው የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠው በ2011 ነበር። ያው ምሕረት ለእነዚህም በጊዜው ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ የሰለባዎቹ ወላጆች ፍርደኞቹን ቢያንስ ችሎት ፊት ቆመው ሊያዩአቸው ይችሉ ነበር።

አትላንታ፦ የተወጋ አይረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ያረጋገጠው የአትላንታ ታሪክ ነው። ቀልቤሳ ነገዎ በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። በ1987 አሜሪካ ገብቶ በአንድ ሆቴል ተቀጠረ። በዚያው ሆቴል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት አየችው፤ በእሱ ትእዛዝ ከተገረፉት አንዷ ነበረች። እሷና ሌሎች ሁለት ሰለባዎች በ1990 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው አምስት መቶ ሺሕ ዶላር እንዲከፍል ፈረደ፤ ይግባኙም በ1996 ውድቅ ሆነ።

ይህ ግን የፍትሐ ብሔር ፍርድ ነበር፤ እስራት የለበትም። እንዲያውም ይግባኙ ባልተቋጨበት በ1995 ሰውየው የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በ2002 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌለበት ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ወንጀለኛን አሳልፎ የመስጠት ስምምነት የለም። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት በሌላ በር ገባ። ዜግነቱን ያገኘው እውነቱን ደብቆ ነው ተብሎ በ2004 ተሰረዘ፤ በጥር 2005 ተያዘ፤ በጥቅምት 2006 ወደ አዲስ አበባ ተባረረና ቅጣቱን ሊፈጽም እስር ቤት ገባ። በሕጉ ቋንቋ ይህ ከአገር ማስወጣት እንጂ ፍርድ ማስፈጸም አይባልም። በተግባር ግን በውጭ ያለ ፍርደኛን ለኢትዮጵያ ፍርድ ያደረሰ ትብብር ነበር።

ለምን ይኼኛው ተሳካ? ሁለት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛ፣ ቅጣቱ ሞት አልነበረም። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ዳኞች የኢትዮጵያን ፍርድ ብቻ አምነው አልተነሡም፤ ሰለባዎቹ ራሳቸው በአሜሪካ ችሎት ቆመው መስክረዋል፣ ተከሳሹም በዚያ ችሎት መልስ የመስጠት ዕድል አግኝቷል። ፍርዱን ያሻገሩት ሦስት ሴቶች ናቸው።

ሄግ፦ እንደገና መፍረድ

ሆላንድ ሌላ መንገድ መረጠች። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በ1990 ሆላንድ ገብቶ በ1998 ዜጋ ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ በሌለበት ሞት ተፈርዶበታል። የሆላንድ ዜጋ ነውና፣ ቅጣቱም ሞት ነውና፣ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ የሆላንድ ዐቃቤ ሕግ በ2015 አስይዞ ጉዳዩን ከሥሩ ጀመረው። በ1978 በደብረ ማርቆስ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉት 75 እስረኞች፣ በጠቅላላው ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሰለባዎች፣ ስማቸው ሄግ ላይ ተነሣ። በታኅሣሥ 2017 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በሰኔ 2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው።

ይህ ለሰለባዎች ታላቅ ቀን ነበር። ለእኛ ግን ጥያቄም ያስነሣል። አዲስ አበባ የፈረደችበትን ጉዳይ ሄግ ለምን እንደገና መፍረድ አስፈለጋት? ፍርዱ የሚታመን፣ ቅጣቱም ተቀባይነት ያለው ቢሆን ኖሮ፣ የደብረ ማርቆስ እናቶች አርባ ዓመት ይጠብቁ ነበርን?

ሰንዓ፦ ያለ ፍርድ ቤት የተሻገረ ፍርድ

እስካሁን ያነሣሁት ድንበር ላይ ስለ ቆመ ፍርድ ነው። አሁን ድንበር ላይ ሊቆም ሲገባው ስላልቆመው ልናገር።

በታኅሣሥ 2009 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንዳርጋቸው ጽጌን ጨምሮ የግንቦት 7 መሪዎችን በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። አንዳርጋቸው የእንግሊዝ ዜጋ ነው። እንግሊዝ በዚያ ፍርድ ትሰጠው እንደማትሆን አዲስ አበባም ታውቃለች። ሰኔ 23 ቀን 2014 በሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ለትራንዚት ባረፈበት ተያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ዳኛ ፊት አልቀረበም። ጠበቃ አላገኘም። ማመልከቻ አልታየም፣ ክርክር አልተሰማም። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት መርማሪ ቡድን እስሩ ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ። የተፈታው ግንቦት 29 ቀን 2018 ነው።

እነሆ እሸቱ ዓለሙና አንዳርጋቸው ጽጌ። አንዱ በጅምላ ያስገደለ፣ ሌላው በመንግሥት ላይ የተነሣ። ሁለቱም በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፦ «በሌለበት፣ ሞት»። የአምስተርዳም ወይም የለንደን ዳኛ ያንን ወረቀት ሲያይ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል?

ይህን ይበልጥ የሚያጎላ የዘመን አጋጣሚ አለ። በጥር 2007 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። በሐምሌ 2007 ያው ፍርድ ቤት በምርጫ 97 የተወዳደሩትን የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው፤ በቀናት ውስጥም በይቅርታ ተፈቱ። በስድስት ወር ልዩነት፣ በአንድ ፍርድ ቤት፣ በቀይ ሽብር አዛዥና በምርጫ ተወዳዳሪ ላይ አንድ ዓይነት ቅጣት! የወያኔ/ኢሕአዴግ መንግሥት በዚያ ዓመት የበደለው የቅንጅት መሪዎችን ብቻ አልነበረም። የፍርድ ቤቱን ማኅተም በማርከስ የቀይ ሽብር ሰለባዎችንም በድሏል፤ በዚያ ማኅተም የታተመ እውነተኛ ፍርድ ሁሉ ድንበር ላይ እንዲጠረጠር አድርጓልና።

ምን እናድርግ?

ከታሪኩ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ፍርድ የሚሻገረው ፍርድ ቤቱ የሚታመነውን ያህል ነው። ጉልበት ያሻገረው ሰንዓ ላይ አየነው፤ እምነት ያሻገረውን አትላንታ ላይ አየነው። ከዚህ ተነሥቼ አራት ነገሮችን እላለሁ።

አንደኛ፣ የሞት ቅጣት ገዳዮችን የሚያስመልጥ ቅጣት መሆኑን እንወቅ። በኤምባሲ ግቢና በሆላንድ ያየነው ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ በሌለበት የተፈረደበት ማንኛውም ሰው ሲያዝ ጉዳዩ እንደ አዲስ የሚሰማበት መብት በሕጋችን ያለ ቅድመ ሁኔታ ይጻፍ። ይህ ለነፍሰ ገዳይ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ፍርዱ በሌላ አገር እንዲከበር የሚከፈል ዋጋ ነው። ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባ ማንም ይግዛ ማን፣ ከውጭ አገር የምትጠይቀው ተፈላጊ ሁሉ በግልጽ ችሎት፣ በጠበቃ፣ በዳኛ ፊት እንዲታይ እንጩህ። ሰንዓ ላይ የተደረገው በጠላታችን ላይ ቢደረግም ልንቃወም ይገባል።

አራተኛው የእኛው ሥራ ነው። የአትላንታዎቹ ሦስት ሴቶችና ሄግ ላይ የመሰከሩት ሰለባዎች ያሳዩን፣ ስደተኛ ማስታወሻውን ካልጣለ ፍርድ ሊጀምር የሚችለው ከእሱ መሆኑን ነው። የቀይ ሽብር ዘመን ምስክሮች እያረጁ ነው። ከዚያ በኋላ በየመንግሥቱ የተገረፉና የተሰቃዩም አሉ። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ የእስር ቤቱን ክፍል፣ የገራፊውን ማዕረግ እንጻፍ፤ ለልጆቻችን ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን ለሚጠይቀን ዳኛ።

እጨጌ ቤት የገባውን ነፍሰ ገዳይ ሁሉ አላዳነም፤ ንጹሑንም ሁሉ አልጠበቀም። ያም ሆኖ የቆመበት ምክንያት ሰው የንጉሡን ፍርድ ስለማያምን ነበር። ፍርዳችን የሚታመን በሆነ ቀን፣ ደጁን ማንኳኳት ሳያስፈልገን በሩ ራሱ ይከፈታል።

ፍትሕ ለሰለባዎች!
ቸር ይግጠመን።